የምስጋና ገጽ

እኛ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ በስሙ የሚጠራ ሰው የለም። እኔን ወሬ ስለማበዛ «ሬዲዮ» ይሉኛል። የሥራ ጓደኛዬን ደግሞ «ሞጁል» አልናት። ስሙ የወጣላት በአርባ አራት ዓመቷ የርቀት ትምህርት ጀምራ ሞጁል የሚሉትን ወፍራም የመማሪያ ጥራዝ በቦርሳዋ፣ በብብቷ፣ አንዳንዴም ጋዋን ኪሷ ውስጥ አጣጥፋ ይዛ መዞር ስታበዛ ነው። በምሳ ሰዓት እኛ ፀሐይ ልንሞቅ ስንወጣ፣ እሷ በመደርደሪያዎቹ መሃል መሰላሉ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ታነባለች። ዳቦዋ በአንድ እጇ፣ እርሳሷ በሌላው።

ትምህርቱ አምሯት የጀመረችው አይምሰላችሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ የክፍሉ ተጠባባቂ ኃላፊ ሆና ሠርታለች። ካርድ የጠፋበት ሰው እየጮኸ ሲመጣ ወደ እሷ ነው የምንገፋው፤ ቁጥሩን እንኳ ሳትጠይቅ መቼ እንደታከመና የትኛው ሐኪም እንዳየው ብቻ ጠይቃ ታወጣለታለች። በመጨረሻ ሰው ኃይል አስተዳደር ጠራትና፣ ከእንግዲህ ዲግሪ የሌለው ሰው በኃላፊነት አይመደብም፣ አንቺም ተጠባባቂ እንደሆንሽ ቦታው በጀት ሲፈቀድለት ማስታወቂያ ይወጣበታል አላት። ስትመለስ መሰላሉ ላይ ወጥታ ካርድ መደርደሯን ቀጠለች። በሳምንቱ ግን የአንድ የርቀት ትምህርት ኮሌጅ የምዝገባ ወረቀት ይዛ መጣች።

«ሁለት ነው እንዴ?» አልኳት፣ ሁለት ፎርም ስላየሁ።

«አንዱ የባለቤቴ ነው» አለች። «እሱም ዲግሪ ተጠይቋል። አብረን ብናነብ ይቀለናል ብለን ነው።»

ባሏ ውሃ ልማት ነው የሚሠራው። በየሰዉ ግቢ እየዞረ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ የቡድን መሪ የሆነ ሰው ነው፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ «ቆጣሪው» ነው የምንለው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ከአሁኑ ልናገር። ተጫዋች ነው፣ ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው፣ ሚስቱን ሊወስድ ሲመጣ ለሁላችንም ሻይ የሚጋብዝ ሰው ነው። አብረው ሲመዘገቡ እኔ ራሴ ቀናሁባቸው። የኔው ባል ጋዜጣ እንኳ የሚያነበው የእግር ኳሱን ገጽ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት እንዳሰቡት ሄደ። ማለዳ ልጆቹ ሳይነሱ ሁለቱ ጠረጴዛቸው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያነባሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሌጁ ሄደው ገለጻ ይሰማሉ። ሞጁል ያኔ ፊቷ ፈክቶ ነበር። «ታውቂያለሽ? ባልና ሚስት ከሆንን ሃያ ዓመታችን ነው፤ ስለ አንድ ነገር ሁለታችንም እኩል ሳናውቅ ቁጭ ብለን ስናወራ ግን ይሄ የመጀመሪያችን ነው» አለችኝ።

በሁለተኛው ዓመት ቆጣሪው ሥራ በዛበት። በእርግጥም በዝቶበት ነበር፤ መስመር ይፈነዳል፣ ሰው ይጮኻል፣ እሱ ይጠራል። አንድ የቤት ሥራ ሳይጽፍ ማስረከቢያው ቀን ደረሰበት። «የዛሬን ብቻ» ብሎ ለመናት። ጻፈችለት። ከዚያ ሌላ ዛሬ መጣ። በሦስተኛው ዓመት ነገሩ ደንብ ሆኖ አረፈው፤ እያንዳንዱን የቤት ሥራ ሁለት ጊዜ ትጽፋለች፣ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለእሱ። እንዳይመሳሰል ብላ ምሳሌውን ትቀይራለች፤ የራሷ ላይ የታካሚ ካርድ ካለች፣ የእሱ ላይ የውሃ ቆጣሪ ትላለች። በፈተና ቀን ከጎኗ ይቀመጣል። እሷ ወረቀቷን ትንሽ ገፋ ታደርጋለች፣ እሱ አንገቱን ትንሽ ዘንበል ያደርጋል።

«አንቺ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ባንቺ ጫንቃ ላይ ነው የሚመረቀው» አልኳት።

«ባሌ አይደል? ሌላ ሰው አላዘልኩ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግን እርሳሷን አነሳች።

አራተኛው ዓመት ሲጋመስ የመመረቂያ ጥናት መጣ። እዚህ ላይ ሞጁል ወገቧን ጠበቅ አድርጋ «ይሄንን እንኳ ለራስህ ሥራ፤ ሁለት ጥናት መሥራት አልችልም» አለችው። «ምን ችግር አለ! ስለ ቆጣሪ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?» አላት።

የእሷን ጥናት እኔ ከመነሻው አውቀዋለሁ፤ እጄም አለበት። ሰው ሁሉ ካርድ ክፍል ያዘገየናል፣ ሠራተኞቹ ወሬ ሲያወሩ ነው ብሎ ያማናል። እሷ እውነቱን ማወቅ ፈለገች። ሦስት ወር ሙሉ፣ አንድ ታካሚ መስኮቱ ላይ ቁጥሩን ከሰጠበት ደቂቃ ካርዱ እስከወጣበት ደቂቃ ድረስ መዘገበች። እሷ መደርደሪያ ጋ ስትሆን እኔ መስኮት ላይ ሆኜ ሰዓቱን እይዝላታለሁ። ስድስት መቶ አርባ ሁለት ሰው! አራት ደብተር ሞላ። ውጤቱ ሁላችንንም ጉድ አሰኘን። ከዘገዩት ካርዶች ከግማሽ በላዩ መደርደሪያ ላይ አልነበሩም። የት ነበሩ? ከትናንትና ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሐኪሞቹ ጠረጴዛ ላይ ተከምረው፣ መላሽ አጥተው። እኛ የሌለ ካርድ ነበር ስንፈልግ የምንውለው። ይህን ስታውቅ ሞጁል እንደ ልጅ ፈነደቀች። «አየሽ? ሃያ ዓመት በከንቱ ተሰደብን!» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያንን ጽሑፍ ስትጽፍ ሌላ ሰው ሆና ነበር። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ ታነብልኛለች፤ «ይሄ ቃል ይከብዳል?» ትለኛለች።

አማካሪዋ የጥናቱን ዕቅድ ብቻ አይቶ፣ ወረቀቱንም እንደያዘ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ምትኩ ሲደወልለት ስልክ አያነሳም። በርቀት ትምህርት ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰዉም በርቀት ነው። ብቻዋን ጨረሰችው ማለት ነው።

ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ታላቅ እህቷ ሌላ ከተማ በጠና ታማ ሆስፒታል ገባች። ሞጁል ጽሑፉን የልጇ ላፕቶፕ ላይ እንዳለ ትታ፣ «መጥቼ አሳትመዋለሁ» ብላ ሄደች። አሥር ቀን አስታመመች። እህትየዋ ስትሻላት ተመልሳ አሳተመችው፣ አስጠረዘችው፣ በመጨረሻው ቀን ከቀትር በኋላ አስገባችው። ጥራዙን ለእኔም አምጥታ አሳይታኛለች። ሽፋኑ ላይ ያለውን ስሟን በጣቴ ነካሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ከኮሌጁ ተደወለላት። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ እሷው ናት፤ በአንድ ቀን ሳይሆን በየቁርጥራጩ፣ ካርድ እየመለስን።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ልጇ የሚሆን ወጣት ነው። በሩን ዘግቶ አስቀመጣት።

«በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፤ ላሳፍርዎት አልፈልግም» አለ። «ግን ይህ ሥራ ከእርስዎ በፊት ገብቷል። ቃል በቃል ነው። ከየት አመጡት?»

«ከየትም አላመጣሁትም። የራሴ ነው።»

ሰውዬው ከመሳቢያው ሌላ ጥራዝ አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠ። ርዕሱ የእሷ ነው። ስድስት መቶ አርባ ሁለት ሰው አለ። ሠንጠረዡም አለ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የባሏ ነው። የገባው ከእሷ ስድስት ቀን ቀድሞ፣ እህቷ አልጋ ሥር ተቀምጣ ውሃ በምታጠጣበት ቀን ነው። ገለጠችው። የመጀመሪያው ገጽ ምስጋና ነው። እግዚአብሔርን ያመሰግናል፣ መሥሪያ ቤቱን ያመሰግናል፣ ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «በሆስፒታሉ ስለምትሠራ መረጃ በመሰብሰብ ለተባበረችኝ ውድ ባለቤቴ ምስጋናዬ የላቀ ነው።»

«ያቺ አንዲት ገጽ ብቻ ናት የራሱ» አለችኝ ሞጁል። «ሌላውን ሳይነካ ነው የወሰደው። ያቺን ግን ቁጭ ብሎ ጻፋት። አስቦባት።»

ጥራዙን ዘግታ ለኃላፊው መለሰችለት። «ጊዜ ይስጡኝ» ብላ ወጣች። ቤት ስትደርስ ቆጣሪው ግቢ ውስጥ ሸሚዝ ያሰጣ ነበር።

«ልነግርሽ ነበር» አለ፣ ፊቷን ገና ሲያየው።

«መቼ?»

«ልብሽ ሲረጋጋ። እህትሽ ታማ፣ አንቺ ተጨንቀሽ፣ በምን አፌ ልንገርሽ?»

«ያንተስ ጥናት?»

«አልጀመርኩትም ነበር።» ሸሚዙን ደጋግሞ ያራግፋል። «የመምሪያ ኃላፊነቱ ማስታወቂያ ወጣ። የማጠናቀቂያ ደብዳቤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላመጣሁ ቦታው ለዚያ ለትናንት ልጅ ሊሰጥ ነው። ምን ላድርግ? አንቺ ጎበዝ ነሽ። ርዕሱን ቀየር አድርገሽ ሌላ ብትጽፊ ላንቺ የአንድ ወር ሥራ ነው።»

«ደውለህ ብትጠይቀኝስ?»

«እምቢ ብትይኝስ?»

ይሄንን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። እሷ ግን ረጋ ብላ ነበር የምታወራው። «እውነቱን ነው» አለች። «እምቢ እለው ነበር።»

ኮሌጁ ሁለቱንም በአንድ ቀን ጠራቸው፤ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ፊት። ከዚያ በፊት ባለው ቀን ደብተሮቹን አራቱንም ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አይቻታለሁ። «እኔም ልምጣ፤ እመሰክራለሁ፤ ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «አትምጪ» አለችኝ። ሁለት ጊዜ አልለመንኳትም። እውነቱን ልናገርና፣ ስትከለክለኝ ቅልል አለኝ። ኮሚቴ ፊት ቆሞ የሰው ትዳር ማፍረስ ለማን ደስ ይላል? ባሏ ሻይ የጋበዘኝን ቀን ሁሉ ቆጠርኩ። ሰው ፈሪ ሲሆን የሚያስታውሰው አያጣም።

ጠዋት ከቤት ሲወጡ ትልቋ ልጇ በሩ ላይ ያዘቻት። የመጨረሻ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ነገሩን ሰምታለች። «እማዬ፣ አባዬ እኮ ከሥራ ይባረራል» አለቻት። እናቷስ ምን እንደምትሆን ልጅቷ አልጠየቀችም። ሞጁል ስለ ባሏ ስታወራ እንባ አላየሁባትም፤ ይህችን የልጇን ቃል ስትነግረኝ ግን መደርደሪያውን ይዛ ቆመች።

ኮሚቴው ፊት መጀመሪያ የተጠየቀው እሱ ነው።

«ያው፣ ባልና ሚስት ነን፤ እየተጋገዝን ነው የምንማረው» አለ። «መረጃውን እሷ ሰብስባልኛለች፤ አልክድም፤ ጽፌ አመስግኛታለሁ። ጽሑፉ ግን የኔ ነው። ምናልባት ጊዜ አጥሯት፣ እህቷም ታማባት...» ቀና ብሎ አላያትም።

ሰብሳቢው ወደ እሷ ዞረ። «ከሁለት አንዳችሁ እውነት አልተናገራችሁም። ያጭበረበረው ከኮሌጁ ይሰናበታል፤ ለመሥሪያ ቤቱም እንጽፋለን። ጥፋቱን አምኖ ለመጣ ግን ቅጣቱ ይቀላል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነበር። ዚፑን ይዛዋለች።

«የሱ ነው» አለች።

በቃ። አራት ዓመት ተኩል በሁለት ቃል አለቀ። ጥፋቷን ስላመነች፣ ዕድሜዋም ታይቶላት፣ አንድ ዓመት ታግዳ በአዲስ ርዕስ ሌላ ጥናት እንድታቀርብ ተወሰነ። ሰብሳቢው ቅጣቱን ካነበበላት በኋላ «ባለቤትዎን አርአያ ያድርጉ» ብሎ መከራት። ከኮሌጁ ሲወጡ ቆጣሪው ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ቦርሳዋን ወደዚያኛው ትከሻዋ አዞረችው።

እኔ በነጋታው አበድኩ። «ምን ሆነሽ ነው? ደብተሩ እጅሽ ላይ እያለ! እኔ ብሆን ፊቱ ላይ ነበር የምወረውረው!»

«አንቺ ብትሆኚ» አለችኝ፣ «ልጆቹን የት ታደርጊያቸዋለሽ? ባል ይቀጣል። አባት ሲባረር ግን የሚቀጡት ሌሎች ናቸው።» ከዚያ አንድ ካርድ ቦታው መልሳ፣ «ደግሞስ ያን ሁሉ ዓመት ወረቀቴን ገፋ ያደረግኩለት እኔው አይደለሁ? ኮሚቴው ያንን ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?» አለች።

ቆጣሪው ተመረቀ። ኤ ነው ያገኘው። ቤታቸው ድግስ ተደረገና እኛም ተጠራን፤ ሞጁል «ካልመጣችሁ ሰው ይጠይቀኛል» ስላለች ሄድን። ሳሎኑ ውስጥ ባርኔጣውን ደፍቶ የተነሳው ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል። ኬክ ተቆረጠ፣ ለስላሳ ተከፈተ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በዚህ ዕድሜ መማር ቆራጥነት ነው እያሉ አሞገሱት። አንዷ አክስቱ ወደ ሞጁል ዞር ብላ፣ «አንቺስ ልጄ? አብራችሁ ጀምራችሁ አልነበር?» አለች።

ሞጁል ሳህን ይዛ ቆማለች። ከእሷ በፊት ቆጣሪው ቀደመ። «መጨረሻው ላይ ትንሽ ከበዳት» አለ። «ብትበረታ ኖሮ አብረን እንመረቅ ነበር። ግድ የለም፤ በሚቀጥለው ዓመት እኔው አስጠናታለሁ።»

ይህን ሲል እየዋሸ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ፊት አልነበረውም። ያስፈራኝ ይሄ ነው። ኮሚቴው ፊት ሲዋሽ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ እዚህ ግን ቀና ብሎ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ነገሩን ራሱ አምኖታል። ሞጁል ሳህኑን ለአክስትየው ሰጠቻት፤ «ይብሉ እንጂ» አለች፤ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትያት ስገባ ዕቃ ታጥባለች። ያጠበችውን ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች።

እገዳው ላይ እያለች የክፍላችን ኃላፊነት ማስታወቂያ ወጣ። እሷ መወዳደር አልቻለችም። ከውጭ አንዲት ልጅ ተቀጠረች፤ ዲግሪዋን ከያዘች ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ ትሁት ልጅ። «እትዬ፣ ይሄ ካርድ የት ይሆን?» እያለች ቀኑን ሙሉ ሞጁልን ትከተላለች። ሞጁልም ታሳያታለች። ልጅቷን ልንጠላት ብንሞክርም አልሆነልንም።

እገዳው ሲያልቅ ሄዳ ተመዘገበች። እኔ ትተወዋለች ብዬ ነበር። «ለምንሽ ነው? ቦታው እንደሆነ ተይዟል» አልኳት። «ለምኔም አይደለም» አለች። «ያልጨረስኩት ነገር ስላለኝ ነው።» ኮሌጁ ውስጥ ከልጆቿ እኩዮች ጋር ተቀምጣ ስለ ጥናት አጻጻፍ ገለጻ ሰማች። አስተማሪው መጨረሻ ላይ «ጥሩ ጥናት ምን እንደሚመስል እንድታዩ» ብሎ ፎቶ ኮፒ አደላቸው። ስለ ካርድ ክፍል ነው። የባሏ ስም አለበት። አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ ሁለት ገጽ አንብባ፣ «ይሄ ሰውዬ ካርድ ክፍል ውስጥ ኖሮበት ነው እንዴ? አቤት ሲጽፍ!» አለች።

«ምን አልሻት?» አልኳት።

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለች ሞጁል። «ታምኚኛለሽ? ለአንድ አፍታ ሙገሳው የኔ ስለሆነ ደስ አለኝ። ከዚያ የኔ እንዳልሆነ ትዝ አለኝ።»

ሁለተኛውን ጥናት ስለ ጡረተኞች መዝገብ አያያዝ ጻፈችው። እንደ መጀመሪያው አላነበበችልኝም። ቃሉ ይክበድ ይቅለል አልጠየቀችኝም። እንደ ግዴታ ዕቃ ነው ጠርዛ የሰጠችው። ሲ አገኘች። ምረቃው ላይ አልሄደችም፤ ዲግሪዋን በሥራ ቀን፣ በምሳ ሰዓቷ ሄዳ ፈርማ ተቀበለች። ሃምሳ ዓመቷ ነበር። ኮፒውን ሰው ኃይል ወስዳ ስትሰጥ፣ ጸሐፊዋ በስተው ፋይሏ ውስጥ አስገቡትና «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ቦታ ሲኖር እንጠራሻለን» አሏት።

በዚያው ቀን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም የክፍሉ ስልክ ጮኸ። እኔ አነሳሁት፤ ቆጣሪው ነው። አሁን የመምሪያ ኃላፊ ስለሆነ የሚደውለው ከቢሮው ነው። ዲግሪዋን መቀበሏን ከትልቋ ልጃቸው ሰምቷል። ድምፁ እንደ ድሮው ሞቅ ያለ ነው። ሰጠኋት።

«እሺ» ስትል ሰማኋት። «አመሰግናለሁ። ... ኬክ አያስፈልግም። ... ልጆቹ ካሉ ይብሉት። ... አይ፣ ዛሬ ተረኛ ነኝ፤ አመሻለሁ። ... አትምጣ፤ በታክሲ እመጣለሁ።»

ዘጋችው። ተረኛዋ እኔ እንጂ እሷ አልነበረችም።

«ሂጂ እንጂ፤ ልጆችሽ ይጠብቁሻል» አልኳት። «ስንት ዓመት የለፋሽበት ነገር ነው።»

«አንቺ ሂጂ» አለችኝ፣ ቦርሳዬን አንስታ እያቀበለችኝ። «እኔ ትንሽ ልቆይ።»

አዲሷ ኃላፊያችን ከየሐኪሙ ክፍል የተሰበሰቡትን ካርዶች በጋሪ እየገፋች ገባች። ሞጁል ጋዋኗን አጠለቀች፤ መነጽሯን አደረገች። መሰላሉን ወደ ራሷ ሳበችና የመጀመሪያውን ካርድ አነሳች። እኔም ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩና ከጋሪው በወዲያኛው በኩል ቆሜ ቁጥር ማንበብ ጀመርኩ። እስክንጨርስ ሁለታችንም ከቁጥር በስተቀር ምንም አልተናገርንም።